መልሶ መዝራትና ዘር መለወጥ

በቆቦና በራያ ቆላ ተወልዶ ያደገ ሁሉ መልሶ መዝራትን ያውቃል። የበልጉ ዝናብ ጣል ሲያደርግ ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ያገር ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ከድቶ ቡቃያው ከደረቀ ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ደግሞ ይዘራል። ወቅቱ ከገፋ ግን ያንኑ ዘር አይደጋግምም፤ ቶሎ የሚደርሱትን እንደ ሆርማትና ግራና 1 ያሉትን፣ ያም ካልሆነ ጤፍ ይለውጣል። እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላትም ዘንድሮ በሥራችን ያየነው ይህንኑ ነው።

ሥራው ይኸውላችሁ። ኮምፒውተር ፊደላችንን ከሥዕል ላይ እንዲያነብ ብዙ ሺህ ሥዕል ከነመልሱ ማየት አለበት። ያን ሁሉ በሰው እጅ መልቀም አድካሚ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከተጠቀሙባቸው 337,337 የአማርኛ መስመሮች መካከል ከታተመ ወረቀት የተወሰዱት 40,929 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 296,408 ኮምፒውተር ራሱ ጽፎ ያዘጋጃቸው ናቸው። እኛ ደግሞ ከጎብዬ በሮቢት እስከ ቆቦ አስፋልቱ ዳር የተሰቀለውን የሱቅ ማስታወቂያ መረጥን፤ ቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፈ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ አቧራ የለበሰ። ስለዚህ ቃሉን በግድግዳና በቆርቆሮ ፎቶግራፍ ላይ የሚጽፍ፣ የሚያዘነብል፣ የሚያደበዝዝ፣ ጥላ የሚጥልበት ስክሪፕት አዘጋጀን።

ስክሪፕቱን ከነፎንቱና ከነመሣሪያው በዶከር ኮንቴነር አሸግነው። ኮንቴነር እንደ መንገደኛ አገልግል ነው፤ እንጀራው ከነወጡ ስለተያዘ የትም ቢከፈት ያው ምግብ ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም ሚሞሪው ሲሞላ ሥራው ይቋረጣል። በመሆኑም ያለቀውን እየመዘገበ፣ የተቋረጠውን ብቻ ጥቂት ቆይቶ እንደገና እንዲሞክር፣ ሦስቴ ካልሆነለት ግን ለብቻው በዝርዝር እንዲያስቀምጥልን አዘዝነው። የስንት ሌሊት ሥራ ያለ ጠባቂ አደረ!

ታዲያ አንድ ጠዋት ሥዕሎቹን ስናገላብጥ «ቋንጣ ፍርፍር» ከሚለው መጀመሪያ ላይ ባዶ ሣጥን አየን። እንዴ! ያ ጌጠኛ ፎንት ለካ ቋ የሚባል ፊደል የለውም። ስክሪፕቱ ግን አልተሰናከለም፤ ሥዕሉን «ተሳክቷል» ብሎ መዝግቦታል። መቶ ጊዜ ቢደገምም የሚወጣው ያው ሣጥን ነው፤ ኮምፒውተሩም ቋ ማለት ሣጥን ነው ብሎ ይማራል። ስለሆነም ከመጻፉ በፊት ፎንቱ የቃሉን ፊደላት ሁሉ መያዙን እንዲፈትሽ አደረግን። ፊደሉ ከጎደለ መድገም የለም፣ ፎንቱ ይለወጣል። ከየመቶው ሥዕል ጥቂቱን በዓይናችን እናያለን፤ የመጨረሻውን ፈተና የምናወጣው ደግሞ ከመንገድ ዳር ካነሣነው እውነተኛ ፎቶ ነው።

ነገ ክፍል ስንገባም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ልጁ ትምህርቱ ያመለጠው በጩኸትና በረብሻ ከሆነ መድገም ይበጃል። ሥረ ነገሩ ከጎደለው ግን ያንኑ መደጋገም ምን ዋጋ አለው? መንገዱን መለወጥ ያሻል። «ገባችሁ?» ስንል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል አይደል? እሱም እንደ ስክሪፕቱ «ተሳክቷል» ነው፤ የገባቸው መሆኑ የሚታወቀው ደብተራቸው ተገልጦ ሲታይ ነው።