አንቀጽ 105 ውስጥ እኔ የለሁም

“ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል” ብላችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ ዶርም ውስጥ ሞክሩት። ገና ሳትጨርሱ አንዱ “አሃዳዊ!” ይላችኋል። ሌላው ደግሞ “ይሻሻል ሳይሆን ይቀደድ ነው የሚባለው” ብሎ ይቀበለዋል። “የትኛው አንቀጽ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካገኛችሁ ግን ለእኔም አስተዋውቁኝ፤ ሻይ በእኔ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ ይሻሻል ባይ ነኝ፤ ይፍረስ ባይ ግን አይደለሁም። ሰነዱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን ሥራ ላይ ሲውል እኔ ገና አልተወለድኩም። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣልና አከብረዋለሁ። ቢሆንም አንቀጽ 47ን ገልጣችሁ እዩት። የተዘረዘሩት ክልሎች ዘጠኝ ናቸው፤ ዛሬ ያሉን 12። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተከፋፍሎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራ ክልል የለም፤ አንቀጹ ላይ ግን አሁንም አለ። አዲስ ክልል መመሥረት ራሱ አንቀጹ የሚፈቅደው መብት ነው። ካርታው ሲለወጥ ጽሑፉን የሚነካ መጥፋቱ ግን ነገሩን ምን ያህል እንደፈራነው ያሳያል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? የእኔ ጥያቄ ሥሩ አንቀጽ 104 እና 105 ላይ ነው። 104 የማሻሻያ ሐሳብ ለሕዝብ “ለውይይትና ለውሳኔ” ይቀርባል ይላል። ደስ ይላል! ወደ 105 ስንሻገር ግን ሕዝቡ የለም። የሦስተኛው ምዕራፍ መብቶች እንዲሻሻሉ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ መስማማት አለባቸው፤ የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማጽደቅ አለባቸው። የቀረውን ደግሞ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ እንዲሁም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ይወስኑታል። እናቴ ግን የት ላይ ነው ድምፅ የምትሰጠው? እኔስ?

ሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔን አያውቅም እንዳትሉኝ። የሲዳማ ሕዝብ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቶ ነው ክልል የሆነው። ክልል ለመመሥረት የተጠየቀ ዜጋ፣ የሁሉም የበላይ የሆነው ሕግ ሲለወጥ የማይጠየቀው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ የዶርም ጓደኛዬ ይቃወመኛል፤ ተቃውሞውም የዋዛ አይደለም። “አያቴ ወረዳ ፍርድ ቤት ቀርባ ያለ አስተርጓሚ የተሰማችው በዚህ ሕገ መንግሥት ነው” ይላል። “በሕዝብ ብዛት ድምፅ ይሰጥ ካልክ እኛ ጥቂቶቹ ተዋጥን ማለት ነው።” እውነቱን ነው። አጎቴ ደግሞ በተቃራኒው አንቀጽ 39 ዛሬውኑ ካልወጣ ሌላው ማሻሻያ ምንም አይጠቅምም ባይ ነው። 39 ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ስለሆነ አንድ ክልል ብቻ እምቢ ቢል እንደሚቀር ስነግረው፣ “ማን አለ?” አለኝ። 105 ነዋ!

የእኔ ሐሳብ ለሁለቱም ይሆናል። የክልሎች ስምምነት እንዳለ ይቆይ፤ የጓደኛዬ ዋስትና አይነካም። በላዩ ላይ ግን ሕዝበ ውሳኔ ይጨመር። በአገር ደረጃ ብልጫ ብቻ ሳይሆን በየክልሉም ብልጫ ካላገኘ አይጽደቅ። ከባድ ነው? አዎ፣ መክበድም አለበት። ግን ያኔ ባለ ሥልጣኑም ተቃዋሚውም እናቴ ቤት ድረስ መጥቶ ማስረዳት ይኖርበታል።

ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ሳስብ ሰንብቼ የሁለት ጣቢያዎችን ውይይት ተከታተልኩ። አንዱ ማሻሻያውን “የሕዝብ ጥያቄ” ሲል ሌላው “የማፍረስ ሴራ” አለው። ሁለቱም የጋበዟቸው እንግዶች እርስ በርስ የሚስማሙ ነበሩ። አንቀጹን አንብቦ ያሰማን ግን ከሁለቱም አልነበረም። አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዲችል ሆኖ ይመራ ይላል። የግሉስ ቢሆን ለአንድ ወገን ብቻ ሲያወራ ምን ይጠቅመናል?

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ምርጫው ሲራዘም፣ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ከቀረቡት አማራጮች አንዱ ነበር። የተመረጠው ግን ትርጉም ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ሰኔ 3 ቀን ወሰነ። የባለሙያዎቹን ክርክር ቤት ተዘግተን በቴሌቪዥን ያየነው ብዙዎች ነን፤ የተጠየቅነው ግን አንዳችንም አይደለንም። ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሄደች፣ በጥቅምት 2013 ጦርነት ተጀመረ። የጦርነቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ይህ ያልተቋጨ ክርክርም አንዱ ነበር።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን ትንሽ ሐሳብ አለኝ። የሬዲዮ ልምምድ ስንሠራ በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ እናንብብ፤ ከዚያ “ይነካ” እና “አይነካ” የሚሉ ሁለት ሰዎችን እኩል ደቂቃ ሰጥተን እናከራክር። የመጀመሪያውን ሳምንት አንቀጽ 105ን ይዤ እኔ እመጣለሁ፤ ጓደኛዬም ሊሞግተኝ ቃል ገብቷል። ኑና አድምጡን፣ ሞግቱንም።