የእማማ ግንባር

ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል አላመነታም። አያቴ አፉላ መሀል ከተማ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያነሳኋቸው ፎቶ ነው። ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ጓደኞቼ «እንዴት አነሳሽው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ካሜራው ብቻ ብመልስ ግማሹን መደበቅ ስለሚሆንብኝ እዚህ ሁሉንም ልጻፈው።

እማማ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከጓደኞቻቸው ጋር ኪካር ሀዓጽማኡት አካባቢ ይቀመጣሉ። አፉላን የሚያውቅ ቦታውን ያውቀዋል። የፋላፌል ሽታ አለ፤ ጋርዒኒም እየፈለፈለ አውቶቡስ የሚጠብቅ ወታደር አለ፤ በመሀል ደግሞ ነጠላ ያጣፉ እናቶች የጎንደርን ወሬ ያወራሉ።

ችግሬ ይህ ነበር፦ እማማን ባነሳኋቸው ቁጥር ነጠላው ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ፊታቸው ግን ይጨልማል። ዓይናቸው እንኳ አይለይም። ጥፋቱ የቆዳችን አይደለም። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል፤ ብዙ ነጭ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል። የፊልም ዘመንም አልተሻለም። ኮዳክ ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች ይልክ የነበረው «ሸርሊ ካርድ» ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን በደንብ እንዲለይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ይህን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አብረው መጡ።

በመጀመሪያ ብርሃን መጨመሪያውን አንድ እርምጃ ወደ ፕላስ አደረግኩ። ፊታቸው ታየ፤ ነጠላው ግን ነዶ ጥለቱ ጠፋ። ቀጥሎ ፀሐዩን ትቼ ወደ ጥላው አዞርኳቸው። ከፊት ለፊታችን ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ግድግዳ ስለነበር ለስላሳ ብርሃን ወደ እሳቸው ይመልስ ነበር። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነጠላው እስከ ቅንድባቸው ወርዶ ግንባራቸውን ያጠላዋል።

«እማማ፣ ነጠላውን ትንሽ ወደ ኋላ ያድርጉልኝ።»

«ተይው ልጄ፣ እንዲሁ አንሺኝ።»

ደግሜ ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ነገሩኝ።

እማማ የመጡት በግንቦት 1991፣ በዘመቻ ሰለሞን ነው። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲጓጓዝ ቤተሰብ እንዳይበታተን በብዙዎች ግንባር ላይ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። «ደግ ነው፣ ልጆቼ አልጠፉብኝም» አሉ። «ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ግን አንዱ ቀርቦ ፎቶ አነሳኝ። ስምሽ ማነው አላለኝም። ቁጥሬን አንስቶ ሄደ።»

ያን ፎቶ እማማም እኛም አይተነው አናውቅም። ማታ ቤት ገብቼ አልበሙን አገላበጥኩ። በሠርግም፣ በስግድም፣ በአጎቴ የሠራዊት ምረቃም ግንባራቸው ተሸፍኗል። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የአለባበስ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ካሜራዬን ከቦርሳ ሳላወጣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። ያን ጊዜ ነው የእናታቸውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅኳቸው። ነገሩኝና «አንድም ፎቶ የላትም» አሉ። «ፊቷ እየራቀብኝ ነው።»

በአራተኛው ቀን ራሳቸው «ያን ዕቃሽን ይዘሻል?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላውን ከራሳቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። «ግንባርሽ የእናትሽ ነው ይሉኝ ነበር። ልጆችሽ ይዩት።»

ለሚጠይቁኝ ጓደኞቼ እነሆ። ሌንሱ 50 ሚሊሜትር፣ ቀዳዳው 2.8፣ ፍጥነቱ 1/250 ነው። ብርሃኑን የለካሁት ከጉንጫቸው ላይ ብቻ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ብቻ ሲለካ ካሜራው በተራው ማብራት ስለሚያበዛ ትንሽ ወደ ማይነስ መለስኩት፤ የነጠላው ጥለትም ተረፈ። ያላሰብኩት ነገር ደግሞ ትከሻቸው ላይ የወረደው ነጠላ ራሱ ብርሃን ከታች ወደ አገጫቸውና ወደ ዓይናቸው መመለሱ ነው። ሦስት ጊዜ አነሳሁ። የምወደው ሁለተኛው ነው፤ ግንባራቸው ከነሽብሽቡ ይታያል።

አሳትሜ ስሰጣቸው ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት። «እሷን ትመስላለች» አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር። ከዚያም ለእህታቸው የሚላክ ሌላ ኮፒ ጠየቁኝ።

በሁለቱም ፎቶዎች ጀርባ ላይ ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ጻፍኩ።