ከሊሾው በታች

እናቴ ጆንያውን ስታነሳው ሥሩ ተቀደደና ጤፉ መሬት ላይ ፈሰሰ። የላዩ እንደ ነጣ ነው። የታችኛው ግን ጠቁሯል፣ ተጓጉሏል፣ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ነሐሴ 1996 ዓ.ም. ነበር፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ከጓሮ ባለችው እቃ ቤታችን። ምንም አልተናገረችም። ቁጭ አለችና ደህናውን ከተበላሸው በእጇ ትለይ ጀመር። ለእንቁጣጣሽ ያስቀመጠችው እህል ነበር። ያን ቀን ዝም ማለቷ እስከ ዛሬ ያመኛል።

እቃ ቤቷ በባሕር ዛፍ ቆማ በጭቃና በጭድ የተመረገች፣ 2 በ3 ሜትር የሆነች ቤት ናት። ወለሏን እናቴ በእበት ትለቀልቀው ነበር። ልቅላቂ አቧራ ይይዛል፤ ከሥር የሚመጣን ርጥበት ግን አያቆምም። የሰፈራችን ግቢዎች ጠባብ ስለሆኑ የጎረቤት ቆርቆሮ የሚያወርደው ውሃ ጭምር ወደ ጓሯችን ይገባል። አፈሩም ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል።

በቀጣዩ ግንቦት 4 ከረጢት ሲሚንቶ ገዛሁ። አፈሩ ላይ ሊሾ ሠርቼ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። ጎረቤታችን አዛውንት ግንበኛ ነበሩ፤ በአጥሩ በኩል አዩኝና፣

«የኔ ልጅ፣ ሲሚንቶ ውሃ አይጠጣም ያለህ ማነው?» አሉኝ። «እንደ ኩራዝ ክር ነው የሚስበው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሳቸው ሆነ፤ ሳንቲም አልተቀበሉም። 20 ሴንቲ ሜትር ቆፈርን። ግድግዳው ጋ ስደርስ ዶማዬን ያዙት፤ የምሰሶ ሥር ከተነካ ቤቱ ይዘማል። ጥቁሩን ድንጋይ እኔ ልደፋው ስል እሳቸው አንድ በአንድ አቆሙት፤ ሰፊው ጎኑ ወደ ታች፣ ሹሉ ወደ ላይ። ክፍተቱን በጠጠር ጠቀጠቁት። ውሃ በደቀቀ አፈር ውስጥ ሽቅብ ይሳባል፤ በድንጋይና በጠጠር መሃል ያለው ባዶ ቦታ ግን መንገዱን ይቆርጥበታል። በላዩ ላስቲኩ እንዳይበሳ ስስ አሸዋ፣ ከዚያ ወፍራም ላስቲክ። ግማሽ ቀን የፈጀብን ይኸው ነው፤ ማንም የማያየው ሥራ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሰው ቤት ስገባ ከወለሉ በታች ያለውን ነው የማስበው።

አርማታውን አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር አድርገን አቦካን። ውሃ ላበዛ ስል «እንደ ገንፎ እንጂ እንደ አጥሚት አይሁን!» ብለው ጮኹ። ውፍረቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነበር። ልኩን ውሃ በሞላ ግልጽ ቱቦ አወጣን፤ አንዱን ጫፍ እናቴ ያዘች። 7 ቀን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ውሃ አጠጣነው።

የእህሉን ጆንያዎች ሲሚንቶው ላይ አላሳረፍናቸውም፤ የባሕር ዛፍ ርብራብ ሠራንላቸው።

ነሐሴ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማግሥት፣ እናቴ ከርብራቡ ሥር እጇን አስገብታ ወለሉን ዳበሰች። ወጥታ ወደ አጥሩ ሄደች። «ጋሼ፣ ይዩልኝ» ብላ መዳፏን ዘረጋችላቸው። ደረቅ ነበር።