መስፉን በጆንያ ጠቅልዬ

ባለፈው እሁድ የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ይሄ የብረት ጉማጅ ደግሞ ምንድን ነው?» ላላችሁኝ ሁሉ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። መስፍ ነው። ብረት ግሎ የሚቀጠቀጥበት። ለባለቤቴ የገዛሁላት የገና ስጦታ ነው። «ሰው ለሚስቱ ቀሚስ ይገዛል እንጂ» ያላችሁኝም አላችሁ። እሷ የጠየቀችኝ ግን መስፍ ነው።

ባለቤቴ ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብረታ ብረት ተምራለች። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ትበይዳለች፤ ራቤል ያላችሁ ሱቋን ታውቁታላችሁ። በብየዳው ማንም ክፉ ተናግሯት አያውቅም፣ እንዲያውም «ጎበዝ ሴት» ነው የምትባለው። ችግሯ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት እኛ ዘንድ የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። እጇን አጣጥፋ በተቀመጠችባቸው ቀናት ታዲያ ገበሬው የዶለዶመ ማረሻ ተሸክሞ በሱቋ በር ሲያልፍ ታያለች። የኛ አገር መሬት ድንጋያም ነው፤ ማረሻ ቶሎ ይበላል። አንድ ማታ «ይሄ ሥራ እኮ መብራት አይፈልግም፤ ከሰልና መስፍ ካለኝ እኔ እሠራዋለሁ» አለችኝ።

እኔም «እስቲ እናያለን» አልኳት። «እስቲ እናያለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቁታላችሁ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈርቼ ነው። መበየድ ሌላ፣ መቀጥቀጥ ሌላ። በር የሚበይድ ሰው «ባለሙያ» ነው፤ ማረሻ የሚቀጠቅጥ ሰው ግን ስሙ ብዙ ነው፣ አንዱም አያምርም።

ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አባቴ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። ገና ሳይነጋ ወጥተን ረፋድ ላይ ደረስን። መንገድ ላይ «የሚሰጡህን እንዳትበላ፤ ዓይን ለዓይንም እንዳትተያይ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሰውየው ጎጆው ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጦ ይሠራል፤ ልጁ ወናፉን ይነፋል። ልጁ የኔ እኩያ ነበር። ብረቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ከእሳቱ ሲወጣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰውየው ሁለት ሦስቴ ብቻ መትቶ መልሶ እሳት ውስጥ ይከተዋል፤ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃላ! በመጨረሻ ጫፉን ብቻ ውኃ ውስጥ ነከር ሲያደርገው የወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሚስትየው በሰፌድ የገብስ ቆሎ አመጣች። አባቴ «አሁን በልተን ነው የመጣነው» አላት። ከእንቅልፋችን ተነስተን ውኃ እንኳን አልቀመስንም ነበር። ሴትየዋ ሰፌዱን ይዛ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ዝም ብላ ተመለሰች። እኔ ሆዴ ይጮኻል። አባቴ ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፤ ለለማኝ የራሱን ምሳ የሚሰጥ ሰው ነው። ማረሻውን ተቀብሎ፣ እጅ ነስቶ ከፈለና ሄድን። በዚያ ማረሻ ያረሰውን ገብስ ዓመቱን ሙሉ በላን።

«ጠይብ» የሚለው ስድብ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል እንደመጣ አዋቂዎቹ ይናገራሉ። ምላሳችን ጥበቡን ስድብ አደረገው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውንም፣ ሸማኔውንም፣ ጸሐፊውንም በሥራው መሳደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይኸው ከ110 ዓመት በላይ ሆነው። ጋፋት ላይ ስለተሠራው የቴዎድሮስ መድፍ ስናወራ ደረታችን ይነፋል፤ ማጭድ የሚሠራልንን ሰው ግን ቤታችን አስገብተን ቡና አናጠጣም። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ እስቴፍ ውስጥም እከራከርበታለሁ። ለሚስቴ መስፍ ለመግዛት ግን ዓመት ፈጀብኝ።

ታኅሣሥ ላይ ለጉዳይ አዲስ አበባ ወረድኩ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ስዞር ዋልኩ። ምናለሽ ተራን የማያውቅ ካለ፣ አሮጌ ብረት ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ባሌስትራው መጥረቢያ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ሲቀጠቅጡበት የኖሩትን የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ሊሸጡ አገኘኋቸው። ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሷል። ፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ትንሽ ላስተምር፣ ታገሱኝ። ከብረቱ ስር ያለው ነገር ቀላል ከሆነ መዶሻው ሲያርፍ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ጉልበታችሁ እዚያ ይባክናል። ከባድ ከሆነ አይነቃነቅም፤ ምቱ የጋለው ብረት ላይ ይቀራል። ፊቱ ደግሞ ጠንካራ ከሆነ መዶሻውን ወደ ላይ መልሶ ስለሚያነሳላችሁ ክንዳችሁ አይዝልም። ሐዲድ የባቡር ጎማ ሊሸከም የተሠራ ብረት ነው፣ ለዚህ ይሆናል። ሽማግሌው «ለማን ነው?» አሉኝ። «ለ... ለአንድ ዘመዴ» አልኳቸው። ለሚስቴ ማለት አቃተኝ።

ጆንያ ገዝቼ ጠቀለልኩት። ላምበረት መናኸሪያ ረዳቱ ሊያነሳው ሞክሮ «ምን ጭነህ ነው ባክህ?» ሲለኝ «የወፍጮ ዕቃ ነው» አልኩት። መሐል ሜዳ ስንደርስም ሌላ ሰው ጠየቀኝ፤ አሁንም ወፍጮ። ራቤል ስወርድ የገበያ ቀን ነበር። ያገር ሰው ሁሉ እዚያ ነው። የጆንያውን አፍ ሁለተኛ ጊዜ አሰርኩት።

ባለቤቴ ፈታችው። መዶሻዋን አነሳችና አንዴ መታ አደረገችው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። ደግማ መታችው። ፊቷን ብታዩት! ከዚያ ጆንያውን እያየች «ለምን እንዲህ ጠቀለልከው?» አለችኝ።

«እንዳይዝግ።»

«በአንድ ቀን?»

ዝም አልኩ። እሷም አልጨመረችም። በማግስቱ የባሕር ዛፍ ጉቶ አስቆርጣ መስፉን የተከለችው ግን በጓሮ አይደለም። እኔ በልቤ ያሰብኩት ጓሮውን ነበር። በሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ተከለችው።

ጆሯችን ውስጥም መስፍ የምትባል ትንሽ አጥንት አለች፤ በዚያ ሰሞን የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት በእሷ በኩል ነው። እናቴ መጥታ ከደጅ ቆማ አየችና አማተበች። ማታ ለብቻዬ ጠርታ «ልጄ፣ ነገ የልጅ ልጄን ማን ያገባታል?» አለችኝ። ልጃችን ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። «እማዬ፣ ያ ድሮ ቀረ» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እንዳልቀረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ «አባ፣ ቡዳ ምንድን ነው?» አለችኝ። ስንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው መልስ ጠፋብኝ። እናቷ እጇን እየታጠበች «ብረት መሥራት የማይችል ሰው የሚሳደበው ስድብ ነው» አለቻት። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አባም አይችልም» አለች። ሳቅን። እኔ ግን ከልቤ አልነበረም የሳቅኩት።

ለበልግ እርሻ መጀመሪያ የመጣው አጎቴ ነው፣ የእናቴ ወንድም። ሌላው ቦታ ግማሽ ቀን ያስኬደዋል። ማረሻውን ሠራችለት፤ ጣቱን ጫፉ ላይ አስኬዶ «ይበል!» አለ። ቡና ተፈልቶ ነበርና «አጎቴ፣ ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» አለችው። አቦሉን ጠጣ። ቶናውን ሳይጠብቅ «መሸብኝ» ብሎ ሄደ። ገና ከሰዓት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ጎረቤቶቹን ልኳል።

እናቴ እስካሁን ሱቁ ውስጥ አልገባችም። ቤት ስትመጣ በላይኛው መንገድ ዞራ ነው።

ጉጠቷን ባለቤቴ ራሷ ሠርታዋለች፣ ፎቶው ላይ ከመስፉ ጎን ያለው እሱ ነው። አሁን የቸገራት ጥሩ ብረት ነው። የተሰበረ የአይሱዙ ባሌስትራ ያላችሁ ወይም ያለበትን የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። መጥቼ እወስዳለሁ፤ ጆንያ አያስፈልግም።