ከአምስተኛ ክፍል የቀረው

ቀላ ቡናው፣ ቀላ። ከወናጎ እስከ ይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬ እስከ ገደብ፣ በዋንዛው ጥላ፣ በብርብራው ጥላ ቀላ። ዋጋ አጣ እንጂ እሱስ መቅላቱን መች ተወ።

እህህ፣ 1994! ምነው ባልጠባህ ኖሮ።

ዋጋ ወደቀ አሉን። ከየት ወደቀ? ሲወጣስ መች አየነው። ኒውዮርክ ላይ፣ ለንደን ላይ፣ ቡና ተክለው በማያውቁ ሰዎች ሰሌዳ ላይ፣ አንድ ፓውንድ ቡና 50 የአሜሪካ ሳንቲም መሙላት አቃተው። በ1981 የአገሮች የቡና ኮታ ስምምነት ፈርሶ ኖሯል። ቬትናም የሚሏት አገር ገበያውን በቡና አጥለቅልቃው ኖሯል። ይህን ሁሉ ኋላ ሰማሁ፤ ሰምቼስ ምን ላደርገው።

ለቀምነው እሸቱን፤ አዘልነው፤ ሰብሳቢው ሚዛን ላይ አወጣነው። ከበደ ሚዛኑ፣ ቀለለ ብሩ። ጨው ገዛን፣ ላምባ ገዛን፣ አለቀ።

እንሰት አለ፤ እንሰት መቼም ጌዴኦን አይከዳም። ቆጮ ጠዋት፣ ቆጮ ማታ። ባቄላው፣ ሥጋው፣ ወተቱ ግን ከቡናው ብር ጋር ነበር ቤት የሚገባው፤ አብሮት ቀረ።

ሞላ ሆዷ የትንሿ እህቴ፣ ሞላ። እግሯ አበጠ፣ ፊቷ አበጠ። ወፈረች አሉ ጎረቤቶች። ጠጉሯ ሳሳ፤ ቀላ። ቡናው በቀላበት ወር ቀላ ጠጉሯ።

ለካርድ፣ ለመድኃኒት ብር ጠፋ። እናቴ የበዓል ነጠላዋን ከሣጥን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አጠፈችው። ለማን ትሽጠው? አበዳሪም ቡና፣ ተበዳሪም ቡና፤ ሁሉም ቤት ያለው አንድ ቡና ነው።

ጥር ሳይወጣ ቀበርናት።

ወንድሜ፣ ወንድምዬ። እሱን ማንም ከትምህርት ቤት ውጣ አላለውም። ደብተሩ አለቀ፣ ሌላ አልተገዛም፤ ያ ብቻ። በኅዳጉ ጻፈ፣ በሽፋኑ ውስጥ ጻፈ፣ ቁጥሮቹን አሳነሰ፣ አሳነሰ፤ ክፍልፋይ ላይ ወረቀቱ አለቀበት። አንደኛ ነበር የሚወጣው። እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ካርዱ አለ፣ እኔ ጋ።

ወረደ ወደ ዲላ፣ ወረደ። የሊስትሮ ሣጥን ይዞ መናኸሪያው በር አየነው አሉ። ዲላ ያኔም ኮሌጅ ነበራት፤ መምህር የምታስተምር፣ የጤና ባለሙያ የምታስመርቅ። የማንን ጫማ ጠርጎ ይሆን ጎንበስ ብሎ? መምህር የሚሆነውን ነው? እህቴን ሊያድናት ይችል የነበረውን ነው?

ኋላ የሞያሌ መኪና ላይ አየነው አሉ። ከዚያ ወዲያ አየሁት ያለኝ የለም።

መስከረም 2016 መልክዓ ምድራችን ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እንሰቱ ተመዘገበ፣ ቡናው ተመዘገበ፣ ዛፉ ተመዘገበ። ጨፈርን። እኔም ጨፈርኩ፣ ምን ይደረግ፤ አገሬ ነው።

በ2017 ደግሞ ዋጋው ጣሪያ ነካ አሉ። ወጣ! አሁን ወጣ! ደብተር በደርዘን የሚያስገዛ ብር በእጄ ገባ፤ ወተት የሚያስገዛ ብር በእጄ ገባ። ለማን? ኧረ ለማን?

ጎልምሰሃል አሁን፣ ወንድምዬ። ድምፅህም ጎርንኖ ይሆናል፤ ብትጠራኝ አላውቀው ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ በሰውም ቢሆን ላክብኝ፤ ልጅ ወልደህ እንደሆነ፣ ስንተኛ ክፍል ደረሰ?