የአጎቴ ሁለት ጎማዎች

አጎቴ በጉልማስነቱ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረ። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋራ ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ እነ ገረመው ደንቦባ የሄዱበት ያ ጊዜ ብዙ ወጣቶችን ወደዚህ ጨዋታ ሳበ፥ አጎቴም ከነዚያ አንዱ ነበረ። እኔ ነፍስ ባወቅሁ ጊዜ ግን ጨዋታውን ትቶት ነበር፤ ከዚያ ዘመን የቀረው ንብረት በአልጋው ሥር የተቀመጠ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ነበረ።

በ1971 ዓ.ም. የ18 ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ቍልቍል በሚወርድ የእሑድ ውድድር ለመግባት ተመዘገብሁ። ብስክሌቴ ደኅና ነበረች፤ ጎማዎቿ ግን አልቀው ክሩ ይታይ ነበረ። አዲስ የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። አጎቴ ይህን በሰማ ጊዜ ሣጥኑን ስቦ ከፈተና፥ በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት የውድድር ጎማዎች አወጣልኝ።

«16 ዓመት ጠብቄአቸዋለሁ፤ ጎማ እንደ ጠጅ ነው፥ ሲቆይ ይበስላል» አለኝ።

ይህ ቃል ከራሱ የፈለሰፈው አልነበረም። በኢጣሊያና በፈረንሳይ አገር የነበሩ ተወዳዳሪዎች አዲስ ጎማ ገዝተው ወዲያው አይጠቀሙበትም ነበር፤ ብርሃን በማይገባበት ምድር ቤት ሰቅለው አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመትም ያቆዩት ነበር። አዲስ ላስቲክ ለስላሳ ስለ ሆነ ስለታም ድንጋይ ቶሎ ይበሳዋል፥ ሲቆይ ግን ይጠነክራል ብለው ያምኑ ነበርና። እንግዲህ ሁለት ዓመት ከ16 ዓመት ጋራ እኩል እንዳይደለ ያን ጊዜ ማሰብ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የምመኘውን የነገረኝ የማከብረው ሰው ነበረና፥ መመርመሩን ረሳሁት።

ልጆች ሆይ፥ የውድድር ጎማ እናንተ ከምታውቁት ከተራው የብስክሌት ጎማ የተለየ ነው። ኢጣሊያውያን ቱቦላሬ ይሉታል። ከጥጥ ወይም ከሐር ክር የተሠራ ስስ ጨርቅ ከመነዳሪውን ዙሪያውን ይሸፍነውና በውስጥ በኩል ይሰፋል፤ በስፌቱ ላይ ጥብጣብ ይለጠፋል፤ መንገዱን በሚነካው በኩል ደግሞ ስስ ላስቲክ ይደረግበታል። ከዚያ በኋላ በቸርኬው ላይ በማስቲሽ ይጣበቃል። በውስጡ የሚነፋው አየር ግፊቱ ከመኪና ጎማ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ግፊት የሚችለው ያ ስስ ጨርቅና ያ ስፌት ነው።

ሁለቱንም ነፍቼ አሳደርኋቸው። በማለዳ ብነካቸው ጥቂት ብቻ ረግበው ነበር። እጅግ ደስ አለኝ፤ ነገሩ ተፈጸመ ብዬ ማስቲሽ ለመግዛት በሰፈራችን ወደሚሠሩ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ሄድሁ። እርሳቸውም ማስቲሹን ከመስጠታቸው በፊት ጎማዎቹን ለማየት ፈለጉ።

«አባባ፥ ሌሊቱን ሙሉ አየር ይዘው አድረዋል» አልኋቸው።

«አየር መያዙ ከመነዳሪው ደኅና እንደ ሆነ ይነግርሃል እንጂ ስለ ክሩ ምን ይነግርሃል?» አሉኝ።

እጃቸውን ታጥበው የመጀመሪያውን ጎማ አጠፉት። በታጠፈው ስፍራ ላይ፥ በበጋ ወራት እንደ ደረቀ ረግረግ፥ ጥቃቅን ስንጥቅ ታየ። ከዚያ በኋላ ጥብጣቡን በጥፍራቸው ጫፉን ይዘው ቢስቡት ያለ ድካም ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ስፌት ብጫ ሆኖአል። አንዱን ክር በሁለት ጣታቸው ይዘው ሳብ ቢያደርጉት እንደ ጭድ ተሰበረ። ይህ ጎማ በሣጥኑ ግርጌ የነበረው ነው፤ ሣጥኑም በአፈር ወለል ላይ የተቀመጠ ስለ ነበረ፥ ክረምት በመጣ ቍጥር እርጥበት እየገባበት ጥጡን አበስብሶታል።

የላስቲኩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ላስቲክ የሚሠራው ከዛፍ ወተት ነው። ቻርልስ ጉድዪር የተባለ አሜሪካዊ በ1839 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ላስቲክን ከድኝ ጋራ ቢያሞቀው በሙቀት የማይቀልጥ፥ በብርድም የማይሰበር ሆኖ አገኘው። ዳሩ ግን ድኝ ዕድሜውን አረዘመለት እንጂ ከእርጅና አላዳነውም። የፀሐይ ብርሃን፥ ሙቀትና ዘይት ይጎዱታል፤ በአየር ውስጥ የሚገኘው ኦዞን የሚባለው ነገርም ተወጥሮ ወይም ታጥፎ የተቀመጠውን ላስቲክ ይሰነጥቀዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር በሚሠራበት ክፍል ኦዞን ስለሚበዛ፥ ጎማ እዚያ አይቀመጥም። የአጎቴ ጎማዎች ግን 16 ዓመት ሙሉ ታጥፈው ኖሩ።

የመኪና ጎማ ቢሆን ዕድሜው በጎኑ ላይ ይነበባል። ከ2000 ወዲህ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተሠሩት በመጨረሻ አራት አኃዝ አላቸው፤ 2318 የሚል ብታገኙ በ2018 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በእኛ ጎማዎች ላይ እንዲህ ያለ ጽሕፈት አልነበረምና በዓይንና በጣት መፍረድ ግድ ሆነ።

ክርክሩ የመጣው በሁለተኛው ጎማ ነው። እርሱ ስንጥቅ አልነበረበትም፤ ጥብጣቡም አልተላቀቀም፤ ሽማግሌው አንድ ስንዝር ያህል ፈትተው ቢያዩ ክሩ ነጭ ነበረ። እኔም ይህን ከፊት፥ አሮጌውን ጎማዬን ከኋላ አድርጌ እሄዳለሁ አልሁ።

«አንድ ስንዝር አየን፤ የቀረውን አላየንም። ከወንድሙ ጋራ በአንድ ሣጥን ነው የኖረ። ሜዳ ለሜዳ ቀስ ብለህ ሂድበት፥ አልከለክልህም። ከእንጦጦ ስትወርድ ግን ፍሬን የያዘው ቸርኬ እንደ ምጣድ ይግላል፥ ማስቲሹም ይላላል። የኋላ ጎማ ቢፈነዳ ምናልባት ትቆማለህ፤ የፊቱ ቢፈነዳ በግንባርህ ነው የምትቆመው» አሉኝ።

ሽማግሌ ሲያስፈራራ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፥ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር ውድድር፥ ጆሴባ ቤሎኪ የተባለ የስፔን አገር ተወዳዳሪ ወደ ጋፕ ከተማ ቍልቍል ሲወርድ ሙቀት ባቀለጠው ሬንጅ ላይ ተንሸራቶ፥ ጎማው ከቸርኬው ወልቆ ወደቀ፤ ጭኑን፥ ክርኑንና የእጁን አንጓ ተሰበረ። የእርሱ ጎማ የአሮጌ ሣጥን ጎማ አልነበረም። ያን ቀን ሽማግሌው ትዝ አሉኝ።

ማስቲሹን ሳልገዛ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት ቀን በማሰብ አሳለፍሁት። ጎማው አላስጨነቀኝም፤ አጎቴ አስጨነቀኝ እንጂ። 16 ዓመት ያስቀመጠውን ሀብት በስብሶአል ብዬ እንዴት ልንገረው? እርሱን ከማሳዘን ዝም ብዬ ጎማውን አስሬ መውረድ የሚቀልል መሰለኝ። ይህን ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ብወድቅ ኖሮ ዕድሜውን ሁሉ «እኔ ነኝ የሰጠሁት» እያለ የሚያለቅሰው እርሱ ነበርና።

ዓርብ ማታ ጎማዎቹን ይዤ ገባሁ። «ጋሼ፥ ይቅር ይበሉኝና አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብዬ የተላቀቀውን ጥብጣብ አሳየሁት። አልተቈጣኝም። ወደ ኵራዙ ተጠግቶ ክሩን ሳበ፤ ተበጠሰ። ሌላውን ሳበ፤ እርሱም ተበጠሰ። ብዙ ዝም ብሎ ቈየና፥

«ለታላቅ ውድድር ብዬ ነበር ያስቀመጥኋቸው። ያ ውድድር በመጣ ጊዜ ደግሞ ሳሳሁላቸውና በአሮጌ ጎማ ሄድሁ፤ በመንገድ ፈነዳብኝ» አለ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር።

እሑድ አልተወዳደርሁም። ከአጎቴ ጋራ ስድስት ኪሎ ቆመን ተወዳዳሪዎቹ ሲወርዱ አየን፤ እርሱ እንደ ሕፃን ያጨበጭብ ነበር፥ እኔ ግን ቅንዓት ይዞኝ ዝም አልሁ። ሁለተኛውን ጎማ አስሬ በሜዳው መንገድ ቀስ እያልሁ ሄድሁበት። በሦስተኛው ወር በጎኑ ላይ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጣ፤ ክሩ ከውስጥ ለቆ ኖሮአል። አውጥቼ ለአጎቴ ሰጠሁት። እርሱም ከመነዳሪውን በቢላዋ እየሸነሸነ፥ ነፋስ የሚያንገጫግጨውን የጓሮ በር አሰረበት።