አስናቀ፣ የዩሱፍ ቀሚስ እና የጥር 28 ማታ



ስለ ድራማ መጻፋችን ለአንዳንድ ወንድሞች ደስ እንደማይላቸው እናውቃለን። ሙዚቃው፣ አለባበሱ፣ የሚባክነው ጊዜ እያሉ የሚያነሱት ቅሬታ ተገቢ ቅሬታ ነው። ኢማማችንም ከጁሙዓ በኋላ ስንት ጊዜ መክረውናል። ይሁንና ያየነውን አላየንም ማለት አይቻልም። በ2004 እና በ2005 ዓ.ል በዳንግላም ይሁን በእንጅባራ፣ ከእኛ ዕድሜ ውስጥ «ሰው ለሰው»ን ያልተከታተለ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነበር። ድራማው ከመቶ ክፍል በላይ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንጀልን፣ ማስረጃን፣ ምስክርን የሚመለከቱ ብዙ ነገሮች ጭንቅላታችን ውስጥ የገቡት በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ስለእሱ ማውራት ጥፋት አይመስለንም።

ያኔ ዲሽ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ቆርቆሮው ላይ አንቴና የሰቀለ ሁሉ የሚያገኘው ኢቲቪን ነው። ከተማው በሙሉ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያያል ማለት ነው። ዒሻእ ሰግደን ስንወጣ መንገዱ ጭር ብሎ ይጠብቀናል። እኛ የምናየው ከመስጂዱ ብዙም ከማይርቅ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ «ሻይ ያላዘዘ አይቀመጥም» የሚል ሕግ ነበረውና አንዷን ብርጭቆ ክፍሉ እስኪያልቅ ማድረስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እንጅባራ ያሉት ጓደኞቻችን ችግራቸው ሌላ ነበር። እንጅባራ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ላይ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። የዲከረንስ ከሰል አቀጣጥለው፣ ዙሪያውን ከበው ቁጭ ብለው፣ ልክ አስናቀ ስልኩን ሲያነሳ መብራት ይጠፋል። በነጋታው ዳንግላ ደውለው «ከዚያስ ምን ሆነ?» ይሉናል። እኛም በነጻ አንነግራቸውም፤ የሞባይል ካርድ አስልከን ነው።

አስናቀን ማን ይረሳዋል? አበበ ባልቻ የተጫወተው ያ ገጸ ባሕሪ ከዚያ በፊት በለመድናቸው ድራማዎች ከነበሩት ወንጀለኞች የተለየ ነበር። ፊቱ ጠባሳ የለበትም፤ አይጮህም፤ አይሳደብም። ገንዘብ አለው፣ ስም አለው፣ ሲገባ ሰው ይነሳለታል። ክፋቱ ሁሉ ከዚያ ጨዋነት ኋላ ነው ያለው። ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር እኛ ሻይ ቤት ውስጥ ትንፋሻችንን እንውጣለን፤ ቀጥሎ አንድ ሰው እንደሚጎዳ እናውቃለና። በእኛ ግምት አበበ ባልቻ ከማንኛውም የአገራችን የቴሌቪዥን ተዋናይ በላይ ሕዝቡን ያስፈራው ባለመጮህ ነው። ክፉ ሰው በመልኩ ይታወቃል ብለን ላደግን ልጆች ይህ ትልቅ ትምህርት ነበር።

አሁን መለስ ብለን ስናስበው የድራማው ጉልበት ሌላም ቦታ ነው። ተመልካቹ ሁሉን ያያል። ካሜራው ሁልጊዜ እውነቱ ካለበት ክፍል ይገኛል። ማን ማንን እንዳስገደለ፣ ማን ማንን እንዳታለለ እኛ እናውቃለን፤ ፖሊሱ ግን አያውቅም። «እሱ ነው እኮ! ያዘው!» ብሎ ሻይ ቤቱ የሚንጫጫው ለዚህ ነው። ፖሊሱ ማስረጃ የለኝም ብሎ ሲመለስ እንናደዳለን። አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን ብቻ ነበር «ልክ ነው፣ በምን ይዞት?» የሚለው። የምንሰድበው እሱን ነበር።

ድራማውን እያየን ሱረቱ ዩሱፍን ደጋግመን ያነሳን ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ከታሪኮች ሁሉ ያማረ ባለው በዚያ ታሪክ ውስጥ ያለውን ወንጀል አስተውሉት። ወንድማማቾች ተማክረው ወንድማቸውን ጉድጓድ ይጥላሉ። ማታ እያለቀሱ ይመጣሉ። ቀሚሱ ላይ የሐሰት ደም አለ። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) አላመኗቸውም፤ የተፍሲር ዑለማዎች እንደሚያወሱት ቀሚሱ አለመቀደዱ ነው ውሸቱን ያጋለጠው። የሚበላ ተኩላ ቀሚስ አውልቆ አይበላም። ቀጥሎ ሁለተኛው ቀሚስ ይመጣል። ከፊት ከተቀደደ ጥፋቱ የእሱ፣ ከኋላ ከተቀደደ የሷ ተብሎ የተፈረደበት። ይህ ዛሬ የፎረንሲክ ምርመራ ከምንለው በምን ይለያል? ከሳሿ የባለ ሥልጣን ሚስት፣ ተከሳሹ ተሽጦ የመጣ ባይተዋር፤ ነገር ግን ቀሚሱ ከኋላ ተቀዶ ተገኘ፣ እውነቱም ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የታሰረው ንጽሕናው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ምልክቶቹን ሁሉ ካዩ በኋላ ነው ማሰር የመረጡት። ማስረጃ ጠፍቶ አልነበረም።

ሌላው የምናነሳው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ሐዲሥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እኔ ሰው ነኝ፣ ከተከራካሪዎች አንዱ ከሌላው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ሊሆን ይችላል፣ በሰማሁት መሠረት የወንድሙን ሐቅ ብፈርድለት ግን የሰጠሁት የእሳት ቁራጭ ነውና አይውሰድ የሚል መልእክት ያስተላለፉበት ነው። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ እንኳ በችሎት የሚፈርዱት በቀረበላቸው ነገር ነው። እንግዲህ ከእሳቸው ወዲህ ያለ ዳኛ፣ ፖሊስ፣ ጋዜጠኛ እንደ ድራማ ተመልካች ሁሉን አውቃለሁ ቢል ምን ይባላል?

ይህንን ሁሉ ያስነሳን ጥር 28 ቀን 2005 ነው።

የሙስሊሙን የአወሊያ፣ የመጅሊስ ምርጫና የአሕባሽ ጥያቄ ለመንግሥት እንዲያቀርብ የተመረጠው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታስረው ነበር። ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ ጠበቆቻቸውም እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት እግድ አውጥተው እያለ፣ በዚያ ማታ ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የሚለውን ፊልም አስተላለፈ። እዚያው አስናቀን የምናይበት ሻይ ቤት፣ እዚያው ቴሌቪዥን ላይ። ከጀርባው ያለው ሙዚቃ እንኳ የወንጀል ድራማ ሙዚቃ ነው። በምርመራ ላይ የተቀረጹ ሰዎች ይታያሉ፤ ተራኪው ማን ምን እንዳሰበ ይነግረናል፤ ካሜራው እንደለመደው ሁሉን የሚያውቅ ሆኖ ቀረበ። ልዩነቱ እነዚህ ገጸ ባሕሪ አለመሆናቸው ነው። ሚስትና ልጆች ያሏቸው፣ ዳዕዋቸውን በካሴት የሰማን ሰዎች ናቸው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው ይላል። ጥፋተኛ የተባሉት በ2007 ነው፤ ከሰባት እስከ 22 ዓመት የተፈረደባቸውም በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ። ፊልሙ ፍርዱን ሁለት ዓመት ተኩል ቀድሞታል።

ዳንግላ ውስጥ ሙስሊሙ ቁጥሩ ብዙ አይደለም። ሱቃችን፣ ደንበኞቻችን፣ ለቅሷችን ከክርስቲያኑ ጋር ነው። ፊልሙ ከታየ በኋላ ያለው ጠዋት ለዚህ ነው የማይረሳን። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከተከበረ ሳምንት አልሞላውም፤ የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ ፈረስ ነበር። በአንድ ሌሊት ተለወጠ። አንድ የቆየ ደንበኛ ሱቅ መጥቶ ስኳሩን አስመዝኖ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ «እናንተም አላችሁበት እንዴ?» አለ። ሳቅንለት። እሱም ሳቀ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስኳር የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት ጎረቤታችንን ማንሳት አለብን፤ እማማ ነው የምንላቸው። የ2004 ረመዳን ሐምሌ ላይ ሲገባ ተራዊሕና ድራማው ተጋጭተውብን ነበር። ተራዊሕ አሸነፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ያመለጠንን ክፍል ጠዋት ጠዋት የሚተርኩልን እማማ ነበሩ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ እሳቸውም ፍልሰታን ይጾሙ ስለነበር ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን፣ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ እኛ አጥሩ ሥር ሆነን፣ የአስናቀን ተንኮል እንሰማለን። አተራረካቸው ከድራማው ይበልጥ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ፊልሙ በታየ ማግስት አጥሩ ሥር ጠሩን። «ልጆቼ፣ እነዚያን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ?» አሉ። እንደምናውቃቸው፣ ምን እንደጠየቁ ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ያንን አስናቀን ለመያዝ ማስረጃ የለም እያሉ ስንት ጊዜ ፈጀባቸው። የናንተዎቹን በአንድ ማታ ጨረሷቸው?» አሉን። ሱረቱል ሑጁራት 6ኛዋ አንቀጽ ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ትላለች። እማማ ቁርኣን አልቀሩም፤ ያደረጉት ግን ያንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ቡና ባፈሉ ቁጥር እናታችንን ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩ ሆኑ። ሰፈሩም አየ።

የኮሚቴው አባላት በተለያየ ጊዜ ተፈቱ። ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል የወጣው የካቲት 2010 ነው። «ሰው ለሰው» ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።

ዛሬ ታናናሾቻችን አስናቀን በስም ነው የሚያውቁት። በ2008 ቃና ሲመጣ «ጥቁር ፍቅር» የሚለው የቱርክ ድራማ ቤቱን ሁሉ ወሰደው። እጮኛው ከአንድ ባለሀብት ጋር ተገድላ የተገኘችበት ፖሊስ ታሪክ ነው። ፖሊሱ ዑመር ይባላል። እናቶቻችን ስሙን በሰሙበት ቀን ወደዱት፤ ዑመር የሚባል ጀግና ፖሊስ በአማርኛ ሲናገር ከዚያ በፊት የት ሰምተው? ሶላት ሲሰግድ አለማየታቸው ግን እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል። እማማም አይተውታል። መልኩ ደህና ነው አሉ፤ አስናቀን የሚያህል ግን የለም። «ይሄ ዑመር የምትሉት ደግሞ ሁሉን ቶሎ ይደርስበታል» ነው የሚሉት።